ጣራ የሌለው ቤተ መዘክር

ባለፈው ወር በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ሳያስተኛን ቀረ። ጠቡን ያመጣው ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነው የሥነ ጥበብ መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰፊ ፎቶግራፍ አለ፤ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ የሣር ሜዳ፥ ከሜዳው በስተጀርባ ረዥም ተራራ፥ በሜዳው ላይ ደግሞ አንደኛው ጫፉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፥ ሌላው ጫፉ በአፈር የተዋጠ የዛገ የብረት ሰሌዳ። ከእርሱ ራቅ ብሎ ሌላ እንዲሁ ያለ፥ ከዚያም ሌላ። የምሕንድስና ተማሪ የሆነው ጓደኛችን መጽሐፉን ከእጃችን ወሰደና ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፥ «ይህማ ተቋራጩ ገንዘቡን ይዞ የጠፋበት ድልድይ ነው» ብሎ አሳቀን። የሕግ ተማሪው ግን አልሳቀም። «የማን ነው?» አለ። «መሬቱ የማን ነው? ብረቱን የገዛው ማን ነው? ባለቤቱ ነገ ልሽጠው ቢልስ ማን ይከለክለዋል?»

እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን ባዮቹ ለአንደኛውም ለሁለተኛውም መልስ አልነበረንም። አፍረን ተኛን። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን ያገኘነውን ሁሉ ስናነብ ሰንብተን፥ የደረስንበትን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ይህን ጽፈናል። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን።

ቦታው ስቶርም ኪንግ የሥነ ጥበብ ማዕከል ይባላል። የሚገኘው በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ሲሆን፥ ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ከተኬደ በኋላ ማውንቴንቪል ከምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ይደረሳል። ስሙን ያገኘው በሀድሰን ወንዝ ዳር ከቆመው ከጎረቤቱ ተራራ ነው፤ ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «የዐውሎ ንጉሥ» እንደ ማለት ይሆናል። የመሬቱ ስፋት ወደ 200 ሔክታር ይደርሳል፤ አባቶቻችን በለመዱት መለኪያ 5 ጋሻ ያህል ነው። በዚህ 5 ጋሻ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ትልልቅ ቅርጻ ቅርጾች በሜዳው፥ በኮረብታውና በጫካው ውስጥ ተበታትነው ቆመዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። እኛ «ሐውልት» ስንል በአደባባይ የቆመ፥ የአንድን ንጉሥ ወይም የአንድን ጀግና ስም የሚያስጠራ ነገር በዐይናችን ይመጣል። ሐውልት መታሰቢያ ነው። በስቶርም ኪንግ ያሉት ግን አብዛኛዎቹ የማንም መታሰቢያ አይደሉም፤ ሰው አይመስሉም፥ ፈረስም አይመስሉም። ብረት፥ ድንጋይ፥ እንጨት፥ አንዳንድ ጊዜም አፈር ብቻ ናቸው። ተመልካቹ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። «ይህ እዚህ ቦታ ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ብዙ መልስ ያገኛል። የቤተ መዘክሩ ታሪክም ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ቀስ በቀስ የመማር ታሪክ ነው ብለን እናምናለን።

ቤተ መዘክሩን ያቋቋመው ራልፍ ኦግደን (1895-1974) ቀራጺ አልነበረም፤ የብሎን ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ስታር ኤክስፓንሽን የተባለው ኩባንያው ብሎንና በግንብ ውስጥ ዕቃ ማጥበቂያ የሚሆኑ የብረት ዕቃዎችን እየሠራ ይሸጥ ነበር። በንግዱም በቤተ መዘክሩም ረዳቱና ባልንጀራው የልጁ ባል ፒተር ስተርን ነው። ኦግደን በ1950ዎቹ መጨረሻ በኮረብታ ላይ የተሠራ አንድ የድንጋይ ቤት ከነመሬቱ ገዛ። ቤቱ በ1935 ለአንድ ጠበቃ በፈረንሳይ የኖርማንዲ ገጠር ቤቶች አምሳል የተሠራ ነው። ከቤቱ አጠገብ በኮረብታው ጫፍ ላይ አምስት የድንጋይ ዐምዶች ቆመዋል፤ እነርሱም በ1834 በአካባቢው ተሠርቶ ኋላ ከፈረሰ ሌላ ትልቅ ቤት የመጡ ናቸው። ምንም ጣራ አይሸከሙም። በመካከላቸው ሸለቆው ይታያል። እንዲያው ለጌጥ የመጡት እነዚህ ዐምዶች ኋላ ለሚሆነው ነገር ሁሉ ምልክት መስለው ይታዩናል።

ማዕከሉ በ1960 ለሕዝብ ሲከፈት ቅርጻ ቅርጽ የሚሰበስብ ቦታ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የመጀመሪያው ሐሳብ በ19ኛው መቶ ዓመት የሀድሰንን ወንዝና ተራሮቹን በዘይት ቀለም የሣሉትን ሰዓሊዎች ሥራ በቤቱ ውስጥ ለማሳየት ነበር። ነገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያው ተራራ ከመስኮቱ ውጭ በአካል ቆሞ ሳለ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማየት፥ ሙሽራዪቱን አጠገብ አስቀምጦ ፎቶግራፏን እንደ መሳም ይሆን ነበር።

መሬቱም ቢሆን በዚያን ጊዜ ያማረ አልነበረም። በ1950ዎቹ ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን የሚወስደው ትልቁ አውራ ጎዳና ሲሠራ፥ ለመንገዱ የሚሆነው ጠጠር የተቆፈረው ከነዚሁ ሜዳዎች ነው። መንገዱ በአጠገቡ አልፎ ሄደ፤ ጉድጓዱና የተገለባበጠው አፈር ግን ለሜዳው ቀረ። አንባቢ ይህን ጉድጓድ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የታሪኩ መለወጫ የመጣው ከሌላ ሰው ሜዳ ነው። ዴቪድ ስሚዝ በ1906 በኢንዲያና ክፍለ ሀገር የተወለደ ቀራጺ ነበር። ብረትን ከብረት ጋር ማያያዝ የተማረው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አይደለም፤ በ1925 የበጋ ወራት በስቱድቤከር የመኪና ፋብሪካ ሠርቷል፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ባቡርና ታንክ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበር። ከዚያ በፊት ቅርጻ ቅርጽ ማለት በአብዛኛው ወይ ከድንጋይ የሚጠረብ፥ ወይ ከጭቃ ተሠርቶ በነሐስ የሚቀለጥ ነበር። ስሚዝ ግን እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ቁርጥራጩን ብረት እየበየደ አቆመው። የሚኖረው ቦልተን ላንዲንግ በሚባል ተራራማ ገጠር ሲሆን፥ ሥራዎቹ ከቤቱ እየተረፉ ሲሄዱ ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ እንደ ሰብል በተርታ ይተክላቸው ጀመር። በረዶ ይወርድባቸዋል፥ ፀሐይ ይወጣባቸዋል፤ እርሱም በየማለዳው በመካከላቸው ይመላለሳል። በግንቦት 1965 የጭነት መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ስሚዝ ሞተ፤ ሥራዎቹም በሜዳው ላይ እንደ ቆሙ ቀሩ።

ኦግደን ወደዚያ ሜዳ የሄደው ከስሚዝ ሞት በኋላ ነው። በ1967 አሥራ ሦስት የስሚዝ ሥራዎችን ባንድ ጊዜ ገዛ። ብሎን እየሠራ ያረጀ ሰው በብየዳ የተሠራ ብረት ሲያይ ምን እንደ ተሰማው ልንናገር አንችልም፤ ነገር ግን ከብዙ የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ይልቅ ለዚህ ብረት ቅርብ እርሱ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን። ከአሥራ ሦስቱ ጋር አንድ አሳብም አብሮ መጣ፤ ቅርጻ ቅርጽ በአዳራሽ ውስጥ ተቆልፎ ሳይሆን በአየር ላይ፥ በሣርና በተራራ መካከል ሊኖር እንደሚችል። ቤቱ አነስተኛ ማሳያ ሆኖ ቀረ፤ ቤተ መዘክሩ ወደ ውጭ ወጣ።

በመጀመሪያ ሥራዎቹ በቤቱ ዙሪያ ተቀራርበው ነበር የቆሙት። ኋላ ግን በቁመት የሚያስደነግጡ ሥራዎች መጡ። የአሌክሳንደር ካልደር «ቅስት» የተባለው የ1975 ጥቁር ብረት ቁመቱ 17 ሜትር ነው። ማርክ ዲ ሱቬሮ የሕንፃ ምሰሶ የሚሆኑትን ትልልቅ ብረቶች በክሬን እያነሣ ያጣመራቸው ሥራዎች ደግሞ ከሩቅ ሲያዩአቸው ቀላል፥ ከሥራቸው ሲቆሙ ግን ራስን የሚያስጎነብሱ ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር በቤት ጥግ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ዊልያም ራዘርፎርድ የተባለ የመልክዐ ምድር ነዳፊ ለብዙ ዓመታት መሬቱን ራሱን ሲቀርጽ ኖረ፤ ጉድጓዱን እየሞላ፥ ኮረብታ እያነሣ፥ ዛፍ እየተከለ፥ አንዱ ሥራ ከሌላው ጋር እንዳይጋጭ መካከሉን እየለየ። ጎብኚው ዛሬ «እንዴት ያለ ውብ ተፈጥሮ ነው» ብሎ የሚያደንቀው ኮረብታ ብዙውን ጊዜ በዶዘር የተሠራ ነው። ይህን ስናነብ መጀመሪያ የተታለልን መሰለን፤ ቆይተን ግን ወደድነው። የተጎዳ መሬት በራሱ ብቻ አይድንም።

አሁን ወደ ሕግ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። የማን ነው?

ስቶርም ኪንግ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ይህ ማለት ገንዘብ አያስገባም ማለት አይደለም፤ መግቢያ ያስከፍላል፥ ስጦታ ይቀበላል፥ ደመወዝ ይከፍላል። በአሜሪካ የግብር ሕግ ክፍል 501 ሥር እንደዚህ ያለ ድርጅት ባለ አክሲዮን የለውም፤ በዓመቱ መጨረሻ የተረፈ ገንዘብ ቢኖር ወደ ማንም ኪስ አይገባም፥ ለተቋቋመበት ሥራ ብቻ ይውላል። የሚያስተዳድሩት ባለቤቶች ሳይሆኑ ባለ አደራዎች ናቸው። ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳን ንብረቱ ለሌላ ተመሳሳይ በጎ ዓላማ መተላለፍ አለበት እንጂ መሥራቾቹ ወይም ልጆቻቸው አይካፈሉትም። ኦግደን በ1974 ሲሞት የስሚዝ ብረቶች ለጨረታ ያልወጡት፥ ሜዳውም ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ ያልተሸነሸነው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ሌላ ገጽ ደግሞ አለው። ለእንዲህ ያለ ድርጅት ስጦታ የሚሰጥ ሰው የሰጠው ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ይቀነስለታል። ባለ ፋብሪካው አንድ ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ ከፊሉን የሚሰጠው መንግሥት ሊሰበስበው ይችል ከነበረው ግብር ላይ ነው። ስለዚህ በደግነቱ ስናመሰግነው፥ ስሙ በግድግዳ ላይ ያልተጻፈለትን ግብር ከፋይም አብረን ማመስገን ይገባናል። በዚህ ላይ የመኝታ ቤታችን አሳብ ለሁለት ተከፍሏል። አንዳንዶቻችን «የሕዝብ ገንዘብ በአንድ ሰው ምርጫ ብረት ተገዛበት» አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ «ምርጫው ለኮሚቴ ቢተው ኖሮ አሥራ ሦስቱ የስሚዝ ሥራዎች እስከ ዛሬ በስብሰባ ላይ በሆኑ ነበር» ብለን መለስን። ፒተር ስተርን ማዕከሉን ለብዙ አሥርት ዓመታት መርቶ በ2018 ሞተ፤ ልጁም ከእርሱ በኋላ በፕሬዚዳንትነት አገልግሏል። ንብረቱ አልተወረሰም፤ ወንበሩ ግን ለረጅም ጊዜ ከቤተ ሰቡ አልራቀም።

ለኩባንያው ፍትሕ ለመስጠት ግን አንድ ነገር እንጨምር። ስታር ኤክስፓንሽን ለማዕከሉ ብዙ መሬት ከመስጠቱም በላይ፥ ከሜዳው ማዶ የሚታየውን የስካነመንክን ተራራ ከ800 ሔክታር በላይ የሆነ ክፍል ይዞ እንዲጠበቅ አድርጓል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተራራው ላይ ቤት ከተሠራ ቅርጻ ቅርጾቹ ከጀርባቸው ያለውን ያጣሉ። ከተራራው ብዙው ክፍል ዛሬ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት መናፈሻ ነው። መልክዐ ምድርን ለማየት ብሎ መሬት መያዝ እንግዳ ይመስላል፤ በዚያው አገር ግን በዚያው ዘመን ሰዎች ስለ እንዲህ ያለ ነገር ፍርድ ቤት ቆመው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኒው ዮርክ የመብራት ኩባንያ የስቶርም ኪንግን ተራራ ጎን ቆፍሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሊሠራ ሲነሣ የአካባቢው ሰዎች ከሰሱ። በ1965 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የቦታን ውበትና ተፈጥሮ ለመጠበቅ የተነሡ ሰዎች በፍርድ ቤት የመሰማት መብት እንዳላቸው ፈረደ። ክርክሩ በስምምነት ያለቀው በ1980 ነው፤ ማመንጫውም ሳይሠራ ቀረ። የሕግ ተማሪው ይህን ስንነግረው የመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፉን ለራሱ ተዋሰው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ልጆች የሚወዱት የኢሳሙ ኖጉቺ «ሞሞ ታሮ» (1977-78) ነው። ኖጉቺ አባቱ ጃፓናዊ ባለቅኔ፥ እናቱ አሜሪካዊት ነበሩ። ማዕከሉ ሥራ ባዘዘው ጊዜ በጃፓን አንድ ትልቅ የግራናይት ቋጥኝ አገኘ፤ እንዳለ ለማንሣት ስለ ከበደ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሲከፈት ኖጉቺ ከኮክ ፍሬ ውስጥ ስለ ወጣው ልጅ የሚነገረውን የጃፓን ተረት አሰበ፤ የሥራውም ስም የዚያ ልጅ ስም ሆነ። ዘጠኙ ድንጋዮች በድምሩ 40 ቶን ይመዝናሉ። በኮረብታ ላይ ተቀምጠዋል፤ የኮኩ ፍሬ የነበረበት ጎድጓዳ ለፀሐይ ክፍት ነው፥ ሰውም ገብቶ ይቀመጥበታል። «አትንኩ» በሚል ማስጠንቀቂያ በተሞላ ዓለም ውስጥ መቀመጥ የተፈቀደበት ቅርጻ ቅርጽ መኖሩ ደስ አሰኝቶናል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያቆየን ግን ካቡ ነው። በ1997 እንግሊዛዊው አንዲ ጎልድስወርዚ ከአገሩ ድንጋይ ካቢዎችን ይዞ መጣ። በማዕከሉ ጫካ ውስጥ የጥንት ገበሬዎች ማሳቸውን የከለሉበት፥ ኋላ እርሻው ሲተው የፈረሰ የካብ ርዝራዥ ነበር። ገበሬዎቹ ከሄዱ በኋላ በካቡ መስመር ዛፎች በቅለው አድገዋል። ጎልድስወርዚ በዚያው መስመር ላይ አዲስ ካብ አስነሣ፤ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፥ እንደ ገበሬ ካብ። የእርሱ ካብ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ዛፍ ባጋጠመው ቁጥር በግራ ይዞራል፥ ሌላው ዛፍ ዘንድ ሲደርስ በቀኝ ይዞራል፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ድሮ ዛፉ ካቡን እየገፋ ያፈርሰው ነበር፤ አሁን ካቡ ለዛፉ መንገድ ለቀቀለት። በመጀመሪያ የታሰበው ወደ 230 ሜትር ያህል ነበር። ሥራው ሲጀመር ግን ካቡ በዚያ ሊቆም አልቻለም፤ ከጫካው ወጥቶ ወደ ኩሬው ወረደ፥ ውኃው ውስጥ ገባ፥ በማዶ ከውኃው ወጥቶ አሁን ቀጥ ብሎ ሽቅብ ወጣ። በ1998 ሲያልቅ ርዝመቱ 694 ሜትር ሆነ፤ የገባበትም ድንጋይ ከ1,400 ቶን በላይ ነው፥ እርሱም ከዚያው መሬት የተሰበሰበ። ካቡ ያቆመው በማዕከሉ ወሰን፥ አውራ ጎዳናው ዘንድ ነው። ከድንጋዩ ማዶ መኪናዎቹ ይጮኻሉ። በዚያው በጠጠር ቆፋሪው መንገድ ላይ።

ጉድጓዱን አልረሳነውም። ማያ ሊን በ1981 ገና 21 ዓመቷ፥ እንደ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች፥ በዋሽንግተን ለሚሠራው የቬትናም ጦርነት ሙታን መታሰቢያ በተደረገው ውድድር ከ1,400 በሚበልጡ ተወዳዳሪዎች መካከል አሸንፋለች። (ይህን በመኝታ ቤታችን ለተቀመጡት፥ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርእስ እንኳ ላልመረጡት ሁሉ እናስታውሳለን።) ወደ ስቶርም ኪንግ በመጣች ጊዜ ከተቆረጠው ሣርና ከተስተካከለው ኮረብታ ሁሉ ትታ የመረጠችው አንድ የተተወ የጠጠር ጉድጓድ ነበር፤ ለአውራ ጎዳናው ጠጠር ያቀረበውን። በ2009 ለሕዝብ የተከፈተው ሥራዋ በሰባት ረድፍ የተደረደረ የአፈር ማዕበል ነው። አፈሩና ጠጠሩ የዚያው ቦታ ነው፥ ላዩ ሣር ለብሷል። የማዕበሎቹ ከፍታ ከ3 እስከ 4 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ልክ በመካከለኛ ባሕር ላይ እንደሚነሣ ማዕበል። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ሜዳ ተናወጠ ያሰኛል፤ በሁለቱ ማዕበል መካከል የቆመ ሰው ግን ጓደኛውን አያይም፥ ድምፁን ብቻ ይሰማል። ከሥራዎቹ ሁሉ ሊነቀል፥ ሊጫንና በሌላ ቦታ ሊተከል የማይችለው ይህ ነው። ሊሸጥም አይችልም። የሕግ ተማሪው፥ «ከቤተ መዘክሩ ውል ሁሉ የጠበቀው ይህ ነው» አለ።

ስለ ወጪውም እንናገር፤ ምክንያቱም ሜዳ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይበላሻል። ብረት ቀለሙ በፀሐይ ይደበዝዛል፥ እየተፋቀ እንደ ገና ይቀባል። እንጨት ይበሰብሳል። ሣሩም ራሱ ይታጨዳል፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማዕከሉ ብዙውን ሜዳ በአገሩ በቀል ረዣዥም ሣሮች ስለ ተካው ማጨዱ ቀንሷል፥ ወፎቹም በዝተዋል። የአገሩ ብርድ ሲጸና በሩ ይዘጋል። በግንቦት 2025 ደግሞ 53 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ትልቅ ሥራ ተጠናቆ ተከፍቷል። ብዙው ገንዘብ የወጣው ለአዲስ ቅርጻ ቅርጽ አይደለም፤ በመሬቱ መካከል የነበሩትን የመኪና ማቆሚያዎች ወደ ዳር ለማውጣት፥ ለጎብኚዎች መግቢያና ለሥራዎቹ መጠገኛ የሚሆን ቤት ለመሥራት ነው። መኪና ቆሞበት የነበረው ቦታ ሜዳ ሆነ። በአውራ ጎዳና የተጀመረ ጉዳት እንደ ገና ከመኪና ጋር መታገል ሆኖ መቀጠሉ ያስገርማል።

በመጨረሻ ወደ ፎቶግራፉ እንመለስ፤ የምሕንድስና ተማሪው ዕዳ አለብንና። የዛገው ብረት የሪቻርድ ሴራ ሥራ ነው፤ በ1990 እና በ1991 ተተከለ፤ ስሙም «የስካነመንክ ሹካ» ይባላል። ሰሌዳዎቹ አራት ናቸው፥ በ4 ሔክታር ሜዳ ላይ ተራርቀው ቆመዋል። ዝገቱ የቸልተኝነት አይደለም፤ ብረቱ የላይኛው ዝገቱ ሽፋን ሆኖ ውስጡን እንዲጠብቅ ተደርጎ የተቀመመ ነው። የእያንዳንዱ ሰሌዳ የላይኛው ጠርዝ ፍጹም አግድም ነው። አንደኛው ጫፍ ከኮረብታው ውስጥ ይነሣል፤ መሬቱ ከሥሩ እየወረደ ሲሄድ ብረቱ እየታየ ይመጣል፤ ሌላው ጫፍ ዘንድ ሲደርስ ሙሉ ቁመቱ፥ 2 ሜትር ተኩል ያህሉ፥ ይገለጣል። ስለዚህ ርዝመታቸው እኩል አይደለም፤ መሬቱ በቶሎ በወረደበት ሰሌዳው ያጥራል፥ በዝግታ በወረደበት ይረዝማል። ርዝመቱን የወሰነው ቁልቁለቱ ነው።

ይህን ስንነግረው ጓደኛችን ዝም አለ። መጽሐፉን ተቀብሎ ወደ መብራቱ አስጠጋና ለረጅም ጊዜ አየው። «እንግዲያውስ ድልድይ አይደለም፤ ውኃ ልክ ነው» አለ። ቀጥሎም ከኪሱ ማስመሪያና እርሳስ አውጥቶ፥ በቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ላይ ለመጻፍ ሲቃጣ ሁላችንም ተረባርበን እጁን ያዝነው።